አራት ኩንታል በራስ እጅ

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ሁላችንም ትምህርት ቤት የተማርነው ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ሳሎናችን ውስጥ የዓሣ ገንዳ ለማቆም እስክናስብ ድረስ ሥራ ላይ አውለነው አናውቅም። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም እስከ አፉ ቢሞላ 300 ሊትር ይይዛል፤ 300 ኪሎ ማለት ነው። መስታወቱ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው አንዱ ካሬ ሜትር 25 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ገንዳው ባዶውን 57 ኪሎ ይደርሳል። ጠጠሩና ድንጋዩ ሲታከልበት ጠቅላላው 400 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። አራት ኩንታል ጤፍ ከአንድ ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ተደራርቦ፣ ሌትም ቀንም፣ ለዓመታት እንደቆመ አስቡት።

ይህን ሂሳብ የሰሙ ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። "እኔ አናጺ አይደለሁም" ይሉና ሐሳቡን ይተዉታል፤ ወይም ለቴሌቪዥን የተሠራ ጠረጴዛ ገዝተው ገንዳውን ይጭኑበታል (ይህን እባካችሁ አታድርጉ)። እኔ ደግሞ ነገሩ የሚጥመው ገና እዚህ ላይ ነው እላለሁ። "ከባድ ነው" ስትሉት የነበረው ነገር አሁን ቁጥር አገኘ። እስካሁን ስሜት ነበር፤ ከእንግዲህ ጥያቄ ነው፦ 400 ኪሎ የሚሸከም ዕቃ ምን ምን ያስፈልገዋል? ጥያቄ ደግሞ ይመለሳል። በሕይወታችን የምንሸሻቸው ብዙ ነገሮች የሚያስፈሩን ስላልለካናቸው ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ዕዳው ስንት እንደሆነ ደምሮ የማያውቅ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ደምሮ ወረቀት ላይ ያሰፈረው ግን በየወሩ ስንት ስንት እንደሚከፍል ማሰብ ይጀምራል።

ጠዋት ተነሥቶ ለራስ "እችላለሁ" ማለት መልካም ነው። ነገር ግን በራስ መተማመን ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃው የገዛ እጅ ሥራ ሲሆን ደግሞ ይጸናል። የአኳሪየም ማቆሚያ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም ውሃ አይሸነገልም። ሰው ቢያመሰግናችሁም ቢነቅፋችሁም፣ ማቆሚያው ሁለት ሚሊ ሜትር ካዘነበለ ውሃው መስታወቱ ላይ በሚያሰምረው መስመር ያሳያችኋል። ቀጥ ካለም ያንኑ ይመሰክራል። ይህን ምስክርነት ማንም በውለታ አይሰጣችሁም፤ ማንም ደግሞ አይነጥቃችሁም።

እንግዲያው ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ተቀመጡ። የማቆሚያውን ቁመት ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓሣዎቹን ፊት ለፊት ያያቸዋል። ከሥር የሚገባውን የማጣሪያ ቁመት ከነቱቦዎቹ ለኩ፤ ማጣሪያው በየጊዜው ወጥቶ የሚታጠብ ስለሆነ በሩ ለእርሱም ለእጃችሁም መብቃት አለበት። ቦታውን ደግሞ ከጠንካራ ግድግዳ ወይም ከኮለን አጠገብ ምረጡ። ፎቅ ላይ የምትኖሩና ከዚህ የሚበልጥ ገንዳ ያሰባችሁ፣ መሐንዲስ ሳታማክሩ አትጀምሩ። "አስር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ" የሚለው የአናጺዎች ምክር የሚጀምረው መጋዝ ሳይነሣ ነው።

በእንጨቱ ምርጫ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዋንዛ ለቤት ዕቃ የተወደደው በምክንያት ነው፤ ለመጋዝም ለመላጊያም ይታዘዛል፣ በደንብ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይጣመምም። ነገር ግን ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ትኩስ ዋንዛ ቢቀርብላችሁ እለፉት። ከፈረሰ ቤት የወጣ በር፣ ወራጅ፣ የመስኮት መቃን ፈልጉ። ያ እንጨት ለአሥርት ዓመታት ሲደርቅ ኖሯል፤ የሚጣመመውን ያህል ተጣምሞ ጨርሷል። የተቀበሩ ምስማሮችን ማግኔት እያስኬዳችሁበት ነቃቅላችሁ አንድ ጊዜ በመላጊያ ስታልፉበት ከአቧራው ሥር የሚወጣው ቀለም የድካማችሁን ይከፍላል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ደግሞ ለዕቃ ፍለጋ መርካቶን መዞር ራሱ ትምህርት ነው፤ ምናለሽ ተራ ውስጥ ሌላው ሰው አያገለግልም ብሎ የጣለው ማጠፊያና እጀታ ታድሶ ይሸጣል።

ባሕር ዛፍ ብርቱ ነው፤ ጭነት አይፈራም። እርጥብ ሆኖ ከተሸጠላችሁ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገዝታችሁ ወዲያው አትቁረጡት። ጥላ ባለበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩትና ጊዜ ስጡት። ስትገዙም ጣውላውን ከአንዱ ጫፍ አንሥታችሁ በአንድ ዓይን ርዝመቱን ተመልከቱ፤ ጠማማው ራሱን ያሳያል። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካቸው ስለሚያብጡ ሸክም በሚበዛበት ቦታ አታስገቧቸው።

ማቆሚያውን ማቆሚያ የሚያደርገው ሕግ አንድ ነው፦ ሸክሙ ከእንጨት ወደ እንጨት ይውረድ፣ በብሎን ላይ አይንጠልጠል። አግዳሚውን ከእግሩ ጎን አስጠግታችሁ በብሎን ብቻ ብትይዙት፣ አራቱ ኩንታል ያረፉት በጥቂት ቀጫጭን ብረቶች ላይ ነው። አግዳሚውን በእግሩ ራስ ላይ ካሳረፋችሁት ግን ክብደቱ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ወለል ይደርሳል። እንጨት በጅማቱ አቅጣጫ ሲጫኑት ያለው አቅም ያስደንቃል፤ 7 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ደረቅና አጭር እግር ብቻውን ከ400 ኪሎ የሚበልጥ ይሸከማል። እናንተ ደግሞ አራት እግር፣ ምናልባትም ስድስት ታቆማላችሁ። ለካስ ሌሊት ሲያሳስባችሁ የነበረው ክብደት፣ ትክክለኛውን መንገድ ካሳያችሁት ለአንድ እግር የሚበቃ ሥራ ብቻ ነው! ብሎንና ኮላ የሚያስፈልጉት ክፍሎቹ ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ ለመያዝ ነው።

አግዳሚውንም በጠባቡ ጎኑ አቁሙት። 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በሰፊው ጎኑ ተኝቶ ሲጫን ከሚጎብጠው፣ በጠባቡ ጎኑ ቆሞ ሲጫን የሚጎብጠው በአራት እጥፍ ያንሳል። እንጨቱ ያው ነው፣ የከፈላችሁበት ዋጋም ያው ነው። ጉልበት ጠፋ ብላችሁ ከማማረራችሁ በፊት ያላችሁን በየትኛው ጎኑ እንዳቆማችሁት ተመልከቱ።

የእህቴ ልጅ በኮንዶሚኒየም ቤቷ የራሷን ማቆሚያ ስትሠራ አጠገቧ ነበርኩ። በሙያዋ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ ከዚያ በፊት መጋዝ ይዛ አታውቅም። እግሮቹና አግዳሚዎቹ ተገጥመው ሲቆሙ ደስታዋን መያዝ አቃታት። "ጋሼ፣ እስቲ ይግፉት" አለችኝ። የላይኛውን ማዕዘን በመዳፌ ገፋ ሳደርገው ሁሉም ነገር ወደ ጎን ተንሻፈፈና ተመለሰ። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ገና ጀርባ የለውም" አልኳት።

እውነትም ያኔ የጎደለው እርሱ ነበር። አራት ማዕዘን የሆነ ነገር የቱንም ያህል ወፍራም እንጨት ቢኖረው፣ በሰያፍ የሚይዘው ካልተበጀለት ይንሻፈፋል። ሁለቱን ሰያፍ ርዝመቶች ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር ለካች፤ እኩል እስኪሆኑ ድረስ እግሩን ገፋ፣ ሳብ እያደረገች አስተካከለች። ከዚያ የጀርባውን እንጨት ኮላ ቀባችና 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ኮምፖርሳቶ አለበሰችው፤ ዙሪያውን በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ብሎን አሠረችበት። በማግስቱ ኮላው ሲደርቅ መጀመሪያ ራሷ ገፋችው፤ ቀጥሎ እኔ ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁት። ሴራሚኩ ላይ ተንሸራተተ እንጂ አልተንሻፈፈም። "ግድግዳ ሆነ እኮ!" ብላ ጮኸች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በቤቷ የሚንገዳገድ ወንበር የለም፤ እያንዳንዱን ገልብጣ የጎደለውን ሰያፍ ሰጥታዋለች። አንድ ጊዜ ምስጢሩን በእጅ የያዘ ሰው እንዲህ ነው፤ ቀጥሎ የሚያየው ነገር ሁሉ ሊጠገን የሚችል ይሆንበታል።

አሁን እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ክፍል ላይ ደርሰናል፦ በማቆሚያው ውስጥ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ቁም ሣጥን። እንግዳ ሲመጣ ዓሣውን ያያል፣ ተክሉን ያያል፣ ቫርኒሹን ያደንቃል። ይህን ክፍል ከፍቶ የሚያይ ሰው የለም። የቤቱ ሰላም ያለው ግን እዚህ ነው።

በተለይ ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች የሽቦው ብዛት ቅንጦት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ውሃችን፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ በባሕር ዳርቻ ካለው ውሃ ኦክስጅኑ በሩብ ያህል ያንሳል። የአየር ፓምፕ ያስፈልጋል። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት ለሚወዱ የሞቃት አገር ዓሣዎች ማሞቂያ ያስፈልጋል (ጎልድፊሽ ለሚያረቡ ግን ብርዱ ችግር አይሆንባቸውም)። ማጣሪያ አለ፣ ኤልኢዲ መብራት አለ፣ መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር አለ።

እዚህም ፍርሃቱን በቁጥር እንየው። ማሞቂያው 300 ዋት፣ ማጣሪያው 20፣ መብራቱ 40፣ የአየር ፓምፑ 5 ቢሆን፣ ሁሉም ተደምሮ 400 ዋት አይሞላም። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ2 አምፒር በታች ነው፤ አንድ ጤናማ ሶኬት ያለ ጭንቀት ይችለዋል። ስለዚህ ልባችሁን የምትሰጡት ለጭነቱ ብዛት ሳይሆን ውሃና ኤሌክትሪክ የሚገናኙበትን መንገድ ለመዝጋት ነው።

ማቆሚያውን ከውስጥ በኮምፖርሳቶ ለሁለት ክፈሉት። ሰፊው ወገን ለማጣሪያና ለቱቦ ነው፤ አንድ ቀን መርጠቡ አይቀርም፣ ይርጠብ። 30 ሴንቲ ሜትር የምታህለው ጠባቧ ወገን የኤሌክትሪኩ ናት። መካፈያው ከወለሉና ከጀርባው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ሁሉ በሲሊኮን ድፈኑት፤ በዚያኛው ክፍል ውሃ ቢፈስ ወደዚህኛው እንዳይሻገር። የሶኬት ማከፋፈያውን መሬት ላይ አታስተኙት። ከፍ አድርጋችሁ ከጎን ግድግዳው ላይ አቁማችሁ እሠሩት፤ ቀዳዳዎቹ ወደ ጎን ይዩ እንጂ ወደ ላይ አያንጋጡ።

ሽቦዎቹን በመካፈያው ላይ ከፍ ብሎ በተበሳ ቀዳዳ አሳልፏቸው። ካለፉ በኋላ እያንዳንዱ ሽቦ ከሶኬቱ በታች ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ ይሰካ። በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ የሚመጣ ጠብታ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል፤ ተመልሶ ወደ ላይ አይወጣም። ይህች ትንሽ የሽቦ ዙር አንድ ሳንቲም አታስወጣም፤ ቤተሰብ ግን ትጠብቃለች። እኔ ይህን ዙር ያየሁበት ቤት ሁሉ ባለቤቱን ሳላውቀው አከብረዋለሁ።

ከዚህ በላይ ያለውን ለባለሙያ ስጡ። መደበኛው ብሬከር የሚያቋርጠው ጭነት ሲበዛ ወይም ሽቦ ከሽቦ ሲገናኝ ነው፤ በሰው አካል ወይም በውሃ በኩል የሚያመልጥን ጥቂት ኤሌክትሪክ አያውቅም። ለዚህ ሲባል የተሠራና 30 ሚሊ አምፒር ፍሳሽ ሲያገኝ በቅጽበት የሚያጠፋ ሌላ ዓይነት ብሬከር አለ። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ ይህንን አስገጥሙ፤ የመሬት ሽቦው በእርግጥ መሬት መድረሱንም በመሣሪያው ለክቶ ያሳያችሁ። በራስ እጅ መሥራት ማለት ሁሉንም ብቻን መሥራት ማለት አይደለም። የሚያውቁትን መጠየቅና ሲሠሩ ቆሞ ማየት የሥራው አካል ነው።

መብራት የሚጠፋበትንም ጊዜ አስቀድማችሁ አስቡለት። የአየር ፓምፑ ከውሃው ወለል በታች ከተቀመጠ፣ መብራት ሲሄድ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ሊወርድበት ይችላል፤ በቱቦው መካከል የምትገባ ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ይህን ትከለክላለች። በሞተር የሚዞር ታይመር መብራት በጠፋ ቁጥር ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባትሪ ያለው ዲጂታል ግን ሰዓቱን ይጠብቃል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም በክፍሉ ውስጥ ቦታ ይኑራት። ለኤልኢዲው አዳፕተር የሚበቃ መተንፈሻ ከጀርባው ላይ ከፍ አድርጋችሁ ብሱለት፤ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣልና። በየመሰኪያው ላይ ደግሞ "ማሞቂያ"፣ "ማጣሪያ"፣ "መብራት" እያላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉ። እናንተ በሌላችሁበት ሰዓት ልጃችሁ ወይም የቤት ሠራተኛችሁ የትኛውን መንቀል እንዳለባት በአንድ እይታ ታውቃለች። ገንዳው ውስጥ እጅ ከመግባቱ በፊት ማሞቂያው ይነቀል የሚለውንም እዚያው በሩ ላይ ጻፉት።

ስለ ቫርኒሹ ብዙ አልልም። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ውሃ የሚቋቋም ቫርኒሽ በስሱ ደጋግማችሁ ቀቡ፣ ውስጡንም አትርሱ። የእንጨቱ የተቆረጡ ጫፎች ውሃ የሚጠጡት እነርሱ ስለሆኑ ተጨማሪ ይገባቸዋል። ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ ዓሣ አታቅርቡለት።

ከዚያ የመሙላቱ ቀን ይመጣል። ውሃ ልኩን በርዝመቱም፣ በወርዱም፣ በሰያፉም አኑራችሁ ተመልከቱ። ካዘነበለ ከእግሮቹ ሥር ጠንካራ ሽብልቅ አስገቡ፤ በገንዳውና በማቆሚያው መካከል ግን ሽብልቅ አትሰኩ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ የተደገፈ መስታወት ይሰነጠቃል። ወለሉ ጠፍጣፋ ለሆነ ገንዳ ከሥሩ ስስ ፎም አንጥፉ። ሩቡን ሙሉና ቆማችሁ ለኩ። ግማሹን ሙሉና እንደገና ለኩ። እስከ ላይ ከሞላችሁ በኋላም ለአንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ዓሣዎቹ የሚገቡት ማጣሪያው ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ከተባዙ በኋላ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በእነዚያ ሳምንታት ማታ ማታ ቁም ሣጥኑን ክፈቱ፤ መሰኪያዎቹ እንዳልሞቁ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ፣ ወለሉን በደረቅ ወረቀት ጥረጉና እርጥበት መኖር አለመኖሩን እዩ።

300 ሊትር ለመጀመሪያ ጊዜ በዛብን የምትሉ ትኖራላችሁ። ይገባኛል። እንግዲያስ 60 በ30 በ35 ሴንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ጀምሩ፤ ውሃው 63 ሊትር ብቻ ነው። እግሩ፣ አግዳሚው፣ ጀርባው፣ የተከፈለው ቁም ሣጥን፣ የሽቦው ዙር ሁሉም ያው ነው፤ የሚያንሰው መጠኑ ብቻ ነው። መጋዝ፣ መዶሻ፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክና መሰርሰሪያ ይበቃሉ፤ የሌላችሁን ከጎረቤት ተዋሱ። ሥዕላችሁን ዓርብ ማታ ጨርሱና ቅዳሜ ጠዋት እንጨት ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ ተገኙ።